ሰማንያ ኪሎ ስደርስ ለተዘጋብኝ በር የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የሆስፒታሉ የክብደት መቀነሻ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ቢሮዎ ውስጥ በመስታወት ሳጥን የተቀመጠው የምስጋና ዋንጫም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። የሸሚዝዎ ቁልፍ ሳይጨነቅ፣ ወንበርዎም ሳይጠብብዎ ዕድሜ ከጤና ጋር ያድልዎት። እኔን ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል፤ ቢያስታውሱኝም በፊቴ ሳይሆን በቀሚሴ ነው። የድሮ ቀሚሴን በሁለት እጄ ወጥሬ ይዤ፣ እርስዎ ከጎኔ ቆመው፣ ሁለታችንም ጥርሳችንን ያሳየንበት ፎቶ እስከ ዛሬ በሆስፒታሉ መግቢያ ተሰቅሎ ይታያል። ከዚያ ፎቶ በኋላ ምን እንደደረሰብኝ የጠየቀኝ ስለሌለ፣ ሳይጠየቁ መናገር ነውር መሆኑን እያወቅኩ፣ እኔው ልንገርዎት ብዬ ተነስቻለሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከስፌት መኪና ፊት ተቀምጬ የሰው ወገብ ስለካ የራሴን ሳልለካ ኖሬ መቶ አራት ኪሎ ገባሁ። እውነቱን ለመናገር ኪሎው ብዙም አላሳሰበኝም ነበር፤ ቀሚሱን የምሰፋው እኔ፣ የምለብሰው እኔ፣ ማን ምን አገባው! ነገሩ የተለወጠው የሂሳብ መምህር የሆነው ታናሽ ወንድሜ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው በሳምንት ሦስት ቀን እዚያው እናንተ ሆስፒታል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደሙን በማሽን እያሳጠበ መኖር ሲጀምር ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ተመረመረ፤ የተስማማው የእኔ ኩላሊት ሆነ። ደስታዬን ግን ሐኪሙ አላስጨረሰኝም፤ ከሰማንያ ኪሎ በላይ ሆኜ ቀዶ ጥገና ክፍል እንደማያስገባኝ ቁርጡን ነገረኝ። በዚያው ዕለት ነው ደረጃውን ወርጄ የእርስዎን በር ያንኳኳሁት። ስለዚህ ክቡርነትዎ እንዲያውቁልኝ የምፈልገው፣ እኔ የከሳሁት ላምር ብዬ አለመሆኑን ነው። በአርባ ስምንት ዓመቴ ለማን ብዬ! የከሳሁት ለአንድ ኩላሊት ነው።

ምስጋናዬን ከእውነተኛው ልጀምር፤ ሐሰተኛው ብዙ ስለሆነ በኋላ ይደርሳል። በአሥራ ሦስት ወር ውስጥ ሃያ አራት ኪሎ ተኩል አወረዳችሁልኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጣሁ እመዘን ነበር፤ ከሌሎች ወፍራሞች ጋር ግቢውን እዞር ነበር፤ የበላሁትን ሁሉ በደብተር እጽፍ ነበር። ሚዛኑ ዘንድ የምትቆመው ነርስ መቶ ግራም በቀነስኩ ቁጥር ልጅ የተወለደላት ይመስል እልል ትልልኝ ነበር። እሷን እግዚአብሔር ይስጣት። አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ።

አንደኛ፦ ሚዛኑ ሰባ ዘጠኝ ተኩል ባሳየበት ማክሰኞ ላደረጉልኝ ታላቅ ክብር አመሰግናለሁ። አጨበጨባችሁ፣ የምስክር ወረቀት ሰጣችሁኝ፣ ፎቶ አነሳችሁኝ፤ ከዚያ የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ የሚዛን ካርዴን ከእጄ ተቀብሎ «ግቧን መታለች» የሚል ማኅተም አሳርፎ መዝገቤን ዘጋው። ቀዶ ጥገናው ግን የቀጠሮው ወረፋ ረጅም ስለነበር ገና አምስት ወር ይቀረዋል። እኔ ጅሏ በሚቀጥለው ማክሰኞ እንደ ልማዴ መጣሁ። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ምን ፈልገሽ ነው እህቴ፣ አንቺ እኮ ጨርሰሻል አለኝ። ሕያው ሰው ጨርሰሻል ሲባል ምን እንደሚሰማው ለማወቅ ራስዎን በእኔ ቦታ ማድረግ አያስፈልግዎትም፤ ምቾትዎ ይቀጥል። ወደ እርስዎ ስገባ ደግሞ ከወረቀትዎ ቀና ሳይሉ፣ ከእንግዲህ ያለው የግል ብርታት ነው ብለው በትሕትና ሸኙኝ። ክቡር ሆይ፣ እኛ ፊደል ብዙም ያልቆጠርን ልብስ ሰፊዎች አንድ ቀሚስ ስናጠብ ትርፉን ጨርቅ ቆርጠን አንጥልም፤ ሁለት ጣት ያህል ከውስጥ አጥፈን እንተዋለን። የሰው ገላ ዛሬ ጠበበ ማለት ነገ አይሰፋም ማለት እንዳልሆነ እናውቃለንና። እርስዎ ግን ያን ሁሉ ተምረው መቀሱን እስከ ስፌቱ ድረስ አስጠጉት።

ሁለተኛ፦ ስለ ረሃቡ ዝም ስላሉኝ አመሰግናለሁ። መክሳትን አሥራ ሦስት ወር አስተማራችሁኝ፤ ከስቶ መኖርን ግን አንድ ሰዓት እንኳ አላስተማራችሁኝም። ኪሎው ከወረደ በኋላ የመጣው ረሃብ ከበፊቱ ጋር አይገናኝም። ቁልፍ ስተክል ዳቦ ይታየኛል፤ ጠርዝ ስቀምቅም ዳቦ ይታየኛል። በዚያ ላይ ሰዉ! እስክከሳ ድረስ «በርቺ» ያለኝ ሰፈር ከከሳሁ በኋላ ፊትሽ ጠቆረ፣ አንገትሽ ቀጠነ፣ ታመሽ ነው ወይ እያለ ሳህን ይዞ ይከታተለኝ ጀመር። የሙሽራ ልብስ ልትለካ የመጣች ደንበኛዬ ኬክ አፌ ድረስ አምጥታ በሞቴ ስትለኝ እምቢ ብዬ ሦስት ቀን ተኮራርፈናል። ሁልጊዜ እምቢ አልኩ ብዬ አልዋሽዎትም። በላሁ። ቤት ሚዛን ስለሌለኝ በሥራ ሜትሬ ወገቤን ስለካ ሁለት ሳንቲ ጨምሮ አገኘሁትና ሜትሩ አርጅቷል ብዬ አዲስ ገዛሁ። አዲሱ ሦስት አለኝ።

ተጨንቄ ተመልሼ መጣሁ። ያቺ ነርስ የምሳ ሰዓቷን ትታ በጓሮ በር አስገብታ መዘነችኝ፤ ሰማንያ ሁለት ሆኛለሁ። ማልቀስ ስጀምር አንገቴን አቅፋ፣ ይሄ ያንቺ ነውር አይደለም እናቴ፣ ብዙ ኪሎ የጣለ ገላ የጣለውን ለማስመለስ ብዙ ጊዜ እንደሚታገል ሁላችንም እናውቃለን፣ ክትትል የሚያስፈልገው እኮ ለዚህ ነው አለችኝ። ሁላችንም እናውቃለን! እያወቃችሁ ነው የሸኛችሁኝ ማለት ነው። ነርሷ መዝገቡ የተዘጋ ሰው በመመዘኗ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደጻፉባት ሰምቻለሁ። ለዚህች የብዕርዎ ቅልጥፍና ልዩ ምስጋና ይድረስዎት፤ ለእኔ አንዲት መስመር መጻፍ ያቃተው ብዕር እሷን ለመቅጣት ግን አልደነዘዘም።

ሦስተኛ፦ በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ የለጠፋችሁትን የዓመቱን ሪፖርት አንብቤ ተደንቄያለሁ። ግባቸውን ከመቱት ሰዎች መካከል ወደ ቀድሞ ክብደቱ የተመለሰ አንድም ሰው አልተመዘገበም ይላል። እውነት ነው፣ አልተመዘገበም! መዝጋቢው በር ላይ ቆሞ ይመልሰናላ። ወንድሜ ሪፖርቱን አንብቦ፣ ተማሪዎቹ ፈተና ላይ ሳይቀመጡ ማንም አልወደቀም ብሎ የሚያስተላልፍ መምህር ቢኖር በማግስቱ ከሥራ ይባረር ነበር አለ። ታማሚ ስለሆነ አይፍረዱበት ልል ነበር፣ ፈተና ማረም ሥራው ነው ለካ።

አራተኛውን በምን ቁጥር እንደምጠራው አላውቅም። የቀዶ ጥገናው ቀን ደረሰ። ወንድሜና እኔ ጎን ለጎን ባሉ አልጋዎች ላይ ያንን ከኋላ የሚታሰር ጋውን ለብሰን ተኝተናል። እሱ ለኩላሊቱ ብዬ ስከለክለው የኖርኩትን የጨው ነገር አንስቶ፣ ከነገ ጀምሮ ጨው ያለው ምግብ እበላለሁ እያለ ያስቀኛል። የማደንዘዣ ባለሙያዋ መጥታ መዘነችኝ። ሰማንያ አራት። ሐኪሙ ተጠራ፤ ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየ፤ አዝናለሁ አለ። ወንድሜ ተነስቶ ጫማውን አደረገ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ በስንት ጣዕሙ። ምንም አይደል እታለም፣ ተነሽ ልበሽና እንሂድ ብቻ አለኝ። ያችን ድምፅ እስክሞት አልረሳትም።

እሱን ታክሲ ላይ አሳፍሬ በቀጥታ ወደ እርስዎ መጣሁ። አራት ኪሎ ብቻ ነው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ መዝኑኝ፣ ከቡድኑ ጋር ላዙር፣ ሌላ ምንም አልፈልግም ብዬ ለመንኩዎት። እርስዎም ደንብ መጽሐፉን ገልጠው፣ ጣትዎን መስመሩ ላይ አሳርፈው፣ ክፍሉ የሚቀበለው መቶ ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነውን ብቻ መሆኑን አነበቡልኝ። ከዚያም ያለ አንዳች ሐፍረት፣ አሥራ ስድስት ኪሎ ይጎድልዎታል አሉኝ።

ይጎድልዎታል! ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ የሚያስጠላ ነገር አይቻለሁ፤ ብል የበላው ሱፍ አይቻለሁ፣ ላብ የበሰበሰበት ገበር ፈትቻለሁ፤ እንደዚያች ቃል ያጸየፈኝ የለም። አራት ኪሎ ለመቀነስ እንድትረዱኝ መጀመሪያ አሥራ ስድስት ኪሎ መጨመር አለብኝ ማለት ነው። ልክ ተመልሼ ስወፍር ደግሞ ትቀበሉኛላችሁ፣ ታከሱኛላችሁ፣ ታጨበጭባላችሁ፣ ሌላ ፎቶ ትሰቅላላችሁ። ለእናንተ አንዲት ሴት ሁለት ጊዜ ብትከሳ ሁለት ድል ነው። ይህን ሳስበው ምራቄ መረረኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በጨዋ ወግ ልጽፍልዎት አስቤ ነበር።

ሐኪሙ ሁለተኛና የመጨረሻ ቀጠሮ ሰጥቶናል፤ ዐሥር ሳምንት ነው። የማሽኑ መርፌ የሚገባበት የወንድሜ የክንድ ደም ሥር እየደከመ ስለሆነ ሐኪሙ ከዚያ በላይ እንዲጠብቅ አይመክርም። እኔ በበኩሌ ጠዋት ጠዋት የሆስፒታላችሁን ግቢ ከውጭ በአጥሩ ዙሪያ እዞራለሁ፤ የእናንተ ቡድን ደግሞ ከውስጥ ይዞራል፤ በብረቱ መካከል ሰላምታ እንለዋወጣለን። አጥሩን ለመዞር ኪሎ ስላልጠየቃችሁኝ እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ሰማንያ ሦስት ገብቻለሁ፤ የመዘነኝ የሰፈራችን የጥራጥሬ ነጋዴ ነው፤ በጆንያ ሚዛን። ደንብ መጽሐፍ የለውም፣ ነይ ውጪ ይለኛል፣ እወጣለሁ። የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው፦ ግብ የመታ ሰው መዝገብ አይዘጋ። ለእኔ ባይሆን እንኳ አሁን ሰማንያ አንድ ላይ ሆና በቅርቡ ለምታጨበጭቡላት ለዚያች ከአጥሩ ወዲያ ለማያት ሴት።

መዝገብዎ ሁልጊዜ የተዘጋ፣ ዋንጫዎ ሁልጊዜ የተወለወለ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ለክቡርነትዎ ያለኝን ከሰማንያ ሦስት ኪሎ የማያንስ አክብሮት በትሕትና አቀርባለሁ።

የተዘጋው መዝገብ ባለቤት፣
ልብስ ሰፊዋ

ግልባጭ፦
ማስጠንቀቂያ ለተጻፈባት ነርስ፣ ከምስጋና ጋር
ለጥራጥሬ ነጋዴው፣ ከብዙ ምስጋና ጋር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ወንድሜ ማሽኑ ላይ እንደተኛ አነበብኩለት። ለካስ እሱም ይመዘናል። ሰኞ ኩላሊቱ ያላስወጣውን ውሃ አጠራቅሞ ይገባል፣ ማሽኑ አራት ሰዓት ሠርቶ ልክ በተወሰነለት ስድሳ አንድ ኪሎ ላይ ያወርደዋል። ሲደርስ የሚያጨበጭብለት የለም፤ መዝገቡን የሚዘጋም የለም፤ የዚያ ፎቅ ነርስ በርታ መምህር፣ ከነገ ወዲያ እንገናኝ ብላ ትሸኘዋለች። እርስዎን አንድ ጥያቄ እንድጠይቅለት አደራ ብሎኛል፦ የሁለተኛው ፎቅ ኃላፊም እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ፣ ሰኞ ስድሳ አንድ ኪሎ ሲገባ ግቡን መትቷል ተብሎ ከተሸኘ፣ ረቡዕ ላይ እንዴት አድርጎ ይደርስ እንደነበር ማወቅ ይፈልጋል። መልሱን ለእሱው ይንገሩት፤ ለጊዜው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ያገኙታል።