ስለ አምሳል እና ስለ ንጉሡ «ሠ»

ጎንደር፣ ሰኔ ፭ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ለተከበሩ የተማሪዎች የዕውቀት ውድድር የበላይ ተመልካች
ጎንደር

ጉዳዩ፦ ልጄ አምሳል ወልደ ገብርኤል «ምሥራቅ» የሚለውን ቃል በትክክል በመጻፏ የተቀነሰባት አንድ ነጥብ እንዲመለስላት ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች በቁስቋም ደብር የድጓ መምህር ስሆን ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እስከ ዛሬ የጻፍሁት ሁሉ ወይ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ወይ ለባለቤቴ ወንድሞች ስለ ነበር፣ የአቀራረብ ሥርዓት ቢጎድልብኝ በትዕግሥት እንዲያዩልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

፩. ልጄ አምሳል ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ፊደልንና ዳዊትን ከእኔ ተማረች፤ ሒሳቡንና የቀረውን የስድስተኛ ክፍል አስተማሪዋ አቶ አላምረው ያስተምሯታል። ከክቡርነትዎ የምደብቀው ነገር ስለሌለ እገልጻለሁ፤ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት እንዳትገባ የተቃወምሁ እኔ ነኝ። «እዚያ ገብታ ፊደሏን ታበላሻለች» ብዬ ነበር። ባለቤቴ ወይዘሮ ሐረገወይን ግን እኔ ለበዓል ጠዳ ወርጄ ሳለሁ ልጅቱን አስመዝግባ፣ ደብተር ገዝታ፣ ጸጉሯን ሠርታ ጠበቀችኝ። እኔም ተቆጥቼ ከእንግዲህ ወደዚያ ግቢ እግሬን አላነሣም አልሁ። በዚህ ቃሌ አምስት ዓመት ጸንቻለሁ።

፪. ግንቦት ፲፪ ቀን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የአውራጃው ልጆች የጥያቄና መልስ ውድድር ተደረገ። አንደኛ የወጣ ልጅ በክረምቱ ሁለት ወር አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ በመጻሕፍት ቤት እያነበበና በሳይንስ ክፍል በማጉያ መነጽር እያየ ይማራል ተብሎ ነበር። አምሳል ይህን ከሰማችበት ቀን ጀምሮ ስለዚያ መነጽር ሳታወራ የበላችበት ቀን የለም። የቁንጫ እግር ስንት መጋጠሚያ እንዳለው ማየት ትፈልጋለች። እኔ ቁንጫን ከማባረር በቀር ሌላ ነገር አስቤ አላውቅም።

፫. በዕለቱ ሃያ ሁለት ልጆች ተወዳደሩ። እኔ ቃሌን እንዳላፈርስ ከግቢው ውጭ ባለው የድንጋይ አጥር ላይ ቆሜ በአዳራሹ መስኮት ተመለከትሁ። ከአርባ ዘጠኝ ጥያቄ በኋላ ሁለት ሴቶች ልጆች እኩል ሆነው ቀሩ፤ አንዷ የእኔ ልጅ፣ ሌላዋ ከኮላ ድባ የመጣች አበቡ በላቸው። አምሳኛው ጥያቄ የቃል ጽሕፈት ነበር። ሁለቱ በሁለት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ጀርባ ለጀርባ ቆሙና «ምሥራቅ ብላችሁ ጻፉ» ተባሉ። አምሳል በንጉሡ «ሠ» ጻፈች። አበቡ በእሳቱ «ሰ» ጻፈች።

የዳኞቹ ሰብሳቢ አቶ የሻው በእጃቸው ያለውን የመልስ ወረቀት አዩ፤ ሰሌዳውን አዩ፤ ወረቀቱን ደግመው አዩ። ከዚያም «አምሳል በፊደል ስሕተት ነጥቡን አጥታለች» ብለው ተናገሩ። በዚህ ጊዜ ራሴን መግዛት አቅቶኝ «ልክ ናት፤ ምሥራቅ የሚጻፈው በንጉሡ ነው» ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። እጄንም ከፍ አድርጌ ስለ ነበር የቆምሁበት ድንጋይ ተንዶ ወደ ውስጥ ወደቅሁ። ስለዚህ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ የገባሁት በፈቃዴ አለመሆኑ እንዲታወቅልኝ አመለክታለሁ።

አቶ የሻው ደግ ሰው ናቸው። ራሳቸው መጥተው አነሡኝ፤ አቧራዬንም አራገፉልኝ። «መሪጌታ፣ ተጎዱ እንዴ?» አሉኝ። እኔም «የተጎዳው ፊደሉ ነው» ብላቸው «እኛ የምናየው ወረቀቱን ነው፤ በወረቀቱ ላይ በእሳቱ ሰ ነው ያለው» ብለው ተመለሱ። ለአበቡም ተጨበጨበ።

፬. ክቡር ሆይ፣ ጉዳዩ የአንድ ፊደል ነው ተብሎ እንዳይናቅብኝ ባጭሩ ላስረዳ። በግእዝ በንጉሡ «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ ምሥራቅም የፀሐይ መውጫ ነው። በእሳቱ «ሰረቀ» ያልን እንደ ሆነ ግን ሌባው የሚሠራው ሥራ ነው። በመልስ ወረቀቱ መሠረት ምሥራቅ የስርቆት ሰፈር ሆኗል ማለት ነው። የባለቤቴ ወንድሞች በከተማው ምሥራቅ በኩል ስለሚኖሩ ነገሩ በቤቴም ቀላል አልሆነም።

፭. ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ አምሳል አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ደብሩ አጠገብ ስንደርስ «አባባ፣ ለከርሞ በእሳቱ ሰ ልጻፍ?» አለችኝ።

«ምነው?» አልኋት።

«ልክ የሚባለው እሱ ከሆነ ብዬ ነው» አለች።

ሠላሳ ዓመት ተማሪ ሳስተምር መልስ ያጣሁባቸው ጥያቄዎች ነበሩ፤ ነገር ግን በእነዚያ ሁሉ ወደ መጽሐፍ ተመልሼ አይ ነበር። ይህን በየትኛው መጽሐፍ እንደማየው አላወቅሁም። ቤት ስንገባ ባለቤቴ የተቀደደ ቀሚሴን እያየች «ዛሬስ የትምህርት ቤት ሰው ሆንህ» አለችኝ። በማግሥቱ ዳዊቴን ለማስረጃ ይዤ ወደ ውድድሩ ኮሚቴ ጽሕፈት ቤት ሄድሁ።

፮. በጽሕፈት ቤቱ ሦስት ቀን ተመላለስሁ። በሦስተኛው ቀን የጽሕፈት ማኪና የምትመታው ወይዘሮ ሸዋአየሁ አዘነችልኝና ወደ ክፍሏ አስገባችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የኔታ፣ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ንጉሡ ከኅዳር ጀምሮ ወድቋል» አለችኝ። እኔ ደንግጬ በሩን ዘጋሁት። በኋላ ጣቷን በማኪናው ላይ አድርጋ የተሰበረውን የ«ሠ» መምቻ ስታሳየኝ ነው ነፍሴ የተመለሰችው። ይህን ስጽፍ ከፊደል በቀር ሌላ ትርጉም እንዳይሰጥብኝ እለምናለሁ።

ወይዘሮ ሸዋአየሁ እንደ ነገረችኝ፣ የመልሱን ወረቀት ስትመታ ቦታውን ባዶ ትታ በእጅዋ በቀለም ልትሞላው ፈልጋ ነበር። ነገር ግን «ቶሎ በዪ፣ በሌላው ሰ ምቺው» ተብላ ታዘዘች። ስለዚህ ሴትዮዋ ጥፋት የለባትም። እውነቱን ስለ ነገረችኝም ከሥራዋ እንዳትነካብኝ በተለይ አሳስባለሁ።

፯. ኮሚቴው ለቃል አቤቱታዬ ግንቦት ፳፮ ቀን በጽሑፍ መልስ ሰጠኝ። መልሱ በዚያው ማኪና የተመታ ስለ ሆነ «ስራ»፣ «ስልጣን» እና «ንጉስ» እያለ ይሄዳል። ፍሬ ነገሩ ግን «በሁለቱ ሰዎች መካከል ልዩነት የለም» የሚል ነው። በመጀመሪያ ስለ ሁለት ሰዎች የተጻፈ መስሎኝ ብዙ አሰብሁ። በኋላ አቶ አላምረው ስለ ሁለቱ የሰ ፊደሎች መሆኑን ገለጹልኝ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ይፍረዱ። ልዩነት ከሌለ ልጄ የጻፈችው ትክክል ነው፤ ነጥቧም ሊቀነስ አይገባም። ልዩነት ካለ ደግሞ ትክክል የጻፈችው ልጄ ብቻ ናት። በየትኛውም መንገድ ብሄድ ነጥቡ የሚቀነስበት በር አላገኘሁም።

፰. አሁን ያላሰብሁትን ነገር አመለክታለሁ። ባለፈው ቅዳሜ የአበቡ አባት አያ በላቸው ልጃቸውን ይዘው ከኮላ ድባ ቤቴ ድረስ መጡ። እኔ ሊጣሉኝ የመጡ መስሎኝ መቋሚያዬን ወደ እኔ ጠጋ አድርጌ ተቀመጥሁ። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን አስተካክለው «የኔታ፣ ይቺ ልጅ ከተሸለመች ወዲህ ምግብ አልበላ አላት። ምነው ብላት፣ ፊደሉን ሳላውቀው ነው ያሸነፍሁት ትለኛለች። እኔ ደግሞ ማንበብ አልችል፣ ምን ልበላት? ሸጋ አድርገው ያስረዱልኝ» አሉኝ።

አበቡን «ለምን በእሳቱ ጻፍሽው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ጠመኔዬ አጥሮ ነበር። እሳቱ ሰ ሁለት እግር ብቻ ነው፤ ንጉሡ ሦስት ነው» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ቅን መልስ ከብዙ ሊቃውንት አልሰማሁም። ዕለቱን ሁለቱን ልጆች አንድ ላይ አስቀምጬ ስለ ሁለቱ ሰ፣ ስለ ሦስቱ ሀ፣ ስለ ሁለቱ ጸ አስተማርኋቸው። አበቡ ቶሎ ገባት። «ትምህርት በሃሌታው ሀ፣ ምሕረት በሐመሩ ሐ» ስላት ጥቂት አሰበችና «እንግዲያ አስተማሪያችን ሲገርፈን የሚያጣው ሐመሩን ነው» አለች። አያ በላቸው ነገሩ ባይገባቸውም ልጃቸው ስትሥቅ አይተው ሣቁ፤ የቀረበላቸውንም እንጀራ አባትና ልጅ ጨርሰው በሉ።

ከዚያ ተራው የአበቡ ሆነ። የአባቷን ማሳ በመሬቱ ላይ በጭራሮ ሥላ፣ ለሦስት ወይም ለአራት ወንድማማች እንዴት እንደሚከፈልና ለአንዱ ረግረጉ ቢደርሰው በምን እንደሚካካስ ለአምሳል አሳየቻት። አምሳል በውድድሩ የሳተችው አንዱ የሒሳብ ጥያቄ ይህን የመሰለ ነበርና አሁን ገባት። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ሲሶ ከሩብ እንደሚበልጥ በዚህ ዕድሜዬ ተረዳሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ አራት ከሦስት ስለሚበልጥ ሩብ የሚበልጥ ይመስለኝ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ከደብሩ የሚደርሰኝን እህል በሲሶ አልቀበልም ብዬ በሩብ ያስለወጥሁበት ዓመት አለ።

፱. ስለዚህ የምለምነው የሚከተለውን ነው።

የአምሳል አንድ ነጥብ እንዲመለስላትና ሁለቱ ልጆች እኩል መውጣታቸው እንዲገለጽ። የአበቡ ዕድል ግን በምንም ምክንያት እንዳይነካ፤ እሷን አስወጥቶ የእኔን ልጅ ማስገባት ከሆነ አቤቱታዬን አንሥቻለሁ። አውራጃው ሁለት ልጅ እንዲልክ ክቡርነትዎ ወደ በላይ እንዲጽፉልን፤ ለማረፊያው አንድ አልጋ ብቻ ተይዟል ቢባል ሁለቱም ቀጫጮች ስለ ሆኑ ይበቃቸዋል። ይህም ካልተቻለ በእጅ በተጻፈ የመልስ ወረቀት ውድድሩ እንደገና ይደረግ። ወደ አዲስ አበባ የሚወስዳቸው መኪና ሰኔ ፳፭ ቀን ስለሚነሣ ውሳኔው ከዚያ በፊት ቢሆንልን። የጽሕፈት ማኪናውም ይጠገን።

ምሕረት አልጠይቅም፤ ልጄ ያጠፋችው የለምና። የምጠይቀው ትምህርቱን ነው። ለከርሞ በየትኛው ፊደል እንደምትጽፍም ከእኔ ይልቅ የክቡርነትዎ ውሳኔ ይነግራታል ብዬ በተስፋ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታዬ ጋር

መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ተክለ ጊዮርጊስ
(ፊርማ)
ከቁስቋም

በዚህ አቤቱታ የተጻፈው ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ እውነት ነው። ልጄ አበቡም ተስማምታለች።
በላቸው ፋንታሁን፣ ከኮላ ድባ
(የቀኝ አውራ ጣት አሻራ)

ማስታወሻ፦ ይህን አቤቱታ ከረቂቁ በንጹሕ የገለበጠችው አምሳል ናት። በረቂቁ ላይ ሁለት ቦታ ፊደል ስቼ አግኝታ ምልክት አደረገችበት። አንዱን ወዲያው አመንሁላት። ስለ ሁለተኛው ግን እስከ ምሳ ሰዓት ተከራከርኋት፤ በመጨረሻ የራሴን ዳዊት አውጥታ ገጹን አሳየችኝ። እርማቱን ተቀብዬ ፈርሜአለሁ።