የፉሪ ሽንኩርት

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ደገፋ፤ ጤናዎ እንዴት ነው? የጅማ ዝናብ ጉልበትዎን አላስቸገረዎትም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

የልጄን የኮርሳዬን ሙት ዓመት ካወጣን ወዲህ ብስክሌቱን እህቱ ናፍቆት ትነዳዋለች። እሁድ ከጓደኞቿ ከሀናና ከጉተማ ጋር ከመካኒሳ ተነስተው ፉሪ ተራራ ወጡ። እኔም በአጋጣሚ በዚያው መንገድ ሽንኩርት ልገዛ በታክሲ ሄጄ ነበር። መካኒሳም ሽንኩርት አለ፤ የፉሪው ግን ይጣፍጣል።

ዳገቱ ላይ ደረስኩባቸው። ሀና ብስክሌቷን እየጎተተች፣ “ይሄን ተራራ ማነው እዚህ ያስቀመጠው?” ትላለች። የእኛዋ ከኮርቻው ሳትወርድ ወጣችው! ጉተማ እያለከለከ፣ “ማዘር፣ ዛሬም ሽንኩርት አለቀ?” ሲለኝ ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ቁልቁለቱን ሲበሩ ግን አላየኋቸውም፤ ነጠላዬን እያስተካከልኩ ነበር።

ሽንኩርቴን ገዝቼ ታች ስደርስ ናፍቆት ቆማ ጠበቀችኝ። ፌስታሉን ተቀብላ መሪው ላይ አንጠለጠለችና፣ “እማ፣ የሚመጣው እሁድ ወደ ሰበታ ነን። ታክሲው ከአየር ጤና ነው የሚነሳው፤ አንድ ሰዓት ላይ ድረሺ” አለችኝ።

ለምን እንደነገረችኝ ያልገባኝ መሰልኩ፤ ሰዓቱን ግን በእስክሪብቶ መዳፌ ላይ ጻፍኩት።

ለእትዬ ብርነሽና ለቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። የልጆቻችንን መንገድ እመቤቴ ትጠብቅልን።

እህትዎ ሞልቱ