የትንፋሼ ልክ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ታናሼ አሁንም ያስቸግርሻል? እኔ እንዳለሁ አለሁ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀሽኛል፤ ልንገርሽ። ያው ፋብሪካው ውስጥ ጥጥ ማበጠሪያው ክፍል ነኝ። ብናኙ ቅንድቤ ላይ ስለሚያርፍ ጓደኞቼ «ሽማግሌው» እያሉ ይቀልዱብኛል። ደረቴ እየታፈነ ሲያስቸግረኝ ወደ መጋዘን አዛውሩኝ አልኩ። ሐኪም ካልፈቀደ አይሆንም ስላሉኝ ወደ ፋብሪካው ክሊኒክ ሄድኩ።

እዚያ የሳንባሽን አቅም ለመለካት ቱቦ ያስነፉሻል። መሣሪያው ግን ከትንፋሽሽ በፊት ዘርሽን፣ ጥቁር ነሽ ወይስ ነጭ ብሎ፣ ይጠይቃል። አዲሷ ነርስ ከእኔ በፊት የገባውን የነጩን ሾፌር ዘር ሳትለውጥ አስነፋችኝ። ውጤቱ ቀይ ሆነ። ደንግጣ ዛሬውኑ ከጥጡ መውጣት አለብህ አለችኝ። እማዬ፣ ታመሃል ተብዬ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐኪሙ መጣና ስህተቷን አየ። እንደገና እንኳ አላስነፋኝም። አንድ ቁልፍ ነካ፤ ቀዩ አረንጓዴ ሆነ፤ እኔም ዳንኩልሽ! የእናንተ ዘር ሳንባው በተፈጥሮው ትንሽ ነው፣ ለአንተ ይሄ ጤና ነው አለኝ። ደሜ ፈላ። አባቴ ከወንዝ ማዶ ሲጣራ የመንደሩ ልጅ ሁሉ አቤት ይል ነበር፣ የምን ትንሽ ሳንባ ነው የምታወራው አልኩት። ሳቀ። ይሄን ልክ ስታወጡ የለካችኋቸው የእኔ ዘር ሰዎች ሥራቸው ምን ነበር? ምን ሲተነፍሱ ነው የኖሩት? ብዬ ብጠይቀው ግን ሳቁን ተወና አላውቅም አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ጤነኛ ነው ብሎ ፈረመና ወደ ጥጡ መለሰኝ። በገዛ ትንፋሼ ላይ እንኳ ቃሌ አለመታመኑ ነው ያንገበገበኝ።

አይደውልም ብለሽ አትቀየሚኝ። በስልክ ወሬዬን መጨረስ እያቃተኝ ነው። በደብዳቤ ግን እያረፍኩም ቢሆን ያሰብኩትን ሁሉ አወራሻለሁ።

ታናሼን ሥራ አስገባው ብለሽኝ ነበር። አትላኪው። ቢያኮርፍም ያኩርፍ፤ እሱንም የሚጠብቀው ያው መሣሪያ ነው። ፋብሪካው የወንድሙን ቦታ ለእሱ እንስጠው ብሎ ቢጽፍልሽ እንኳ፣ አደራ እማዬ፣ እሺ እንዳትዪ።

አምላክ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ታናሼን ያቆይልሽ፤ በእሱ ተጽናኚ።

በጣም የሚወድሽ፣
የበኩር ልጅሽ