ወንበሩ ላይ የቀረው ሹራብ

ጥቅምት 3
ልብስ አጠብኩ። የእህቴን ልጆች ካልሲ ሳሰጣ ስልክ ተደወለ... ትልቁ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ሥራ ከለቀቅኩ ሰባት ወር ሆነኝ። እህቴ ደስታዋን አልቻለችውም። «በይ ደህና ልብስ ፈልጊ» አለች።

ቁም ሳጥኑን ስበረብር አረንጓዴው ሹራብ ወጣ። የኔ አይደለም። መልሼ ከታች ቀበርኩት።

ጥቅምት 4
ስለ ሹራቡ ጽፌ አላውቅም። ልጻፈው።

በድሮው መሥሪያ ቤቴ አዲስ አመልካች ሲመጣ ቢሮውን የማስጎበኘው እኔ ነበርኩ። ተግባቢ ነሽ ብለው። አንዲት ልጅ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «እውነቱን ንገሪኝ፣ እዚህ እንዴት ነው?» አለቃው ከኋላችን ነበር። «እንደ ቤተሰብ ነን» አልኳት። ጥሩ ሥራዋን ትታ መጣች።

እዚያ ከአለቃው በፊት መውጣት ነውር ነው። ስለዚህ ሁላችንም ወንበራችን ላይ ትርፍ ኮት እንሰቅላለን። ለምሳ እንኳ ስንወጣ፣ ያለን ለማስመሰል። ልጅቷ በአምስተኛው ወር ከድካም ብዛት ጠረጴዛዋ ላይ ወደቀች። ወንድሟ ደግፎ ወሰዳት። ሹራቧ ቀረ። አለቃው ያን ሰሞን ለሥራ ወጥቶ ነበር፤ ሲመለስም ደፍሮ የነገረው የለም። በአሥራ አንደኛው ቀን በወንበሯ አጠገብ ሲያልፍ «ይቺን ልጅ እዩ፣ ከቦታዋ አትጠፋም» አለ። ሳቅን። እኔም ሳቅኩ... ያ ሳቅ አሁንም ይሰማኛል። ሥራውን ስለቅ ሹራቧን ይዤው ወጣሁ።

ጥቅምት 7
ቃለ መጠይቁ ዛሬ ነበር። አንድ ሰዓት ቀድሜ ሄጄ እንግዳ መቀበያው ጋ ተቀመጥኩ። ዘበኛውን ሰላም የሚለው አለ? አለ። ልጆቹ እንዴት እንደሆኑም ይጠይቁታል። ልቤ ትንሽ ተመለሰ። ጠያቂዎቹም ጨዋዎች ናቸው።

ከዚያ አንዲት ባለመነጽር ቢሮውን ልታስጎበኘኝ መጣች። ሰባት ወንበር፣ ሰባት ኮት። ሰው የለም። «ባለቤቶቹስ?» አልኳት። «እ... ስብሰባ ላይ ናቸው።» ደረጃው ጋ ስንደርስ ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኳት። እዚህ እንዴት ነው?

«እንደ ቤተሰብ ነን» አለች። ጫማዋን እያየች።

ጥቅምት 9
ተቀብለውኛል። ሰኞ ግቢ አሉ። ላስብበት አልኩ።

«ኮት አይተሽ ሥራ ልትተዪ? እባብ ያየ በልጥ በረየ አሉ» አለች እህቴ። እውነቷን ነው። ልጆቿ በኔ ምክንያት አንድ አልጋ ላይ ተጣበዋል።

ጥቅምት 10
ሳህን ሳጥብ ያቺ ልጅ ከኋላዬ «እውነቱን ንገሪኝ» ያለችኝ መሰለኝ። ዞርኩ። ማንም የለም።

ጥቅምት 11
ሹራቡን ይዤ ልጅቷ ቤት ሄድኩ። ወንድሟ በር ከፈተ፤ አላወቀኝም። እሷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ከስታለች። ሹራቡን ጭኗ ላይ ዘርግታ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካካቻቸው።

«ያን ቀን ዋሽቼሻለሁ» አልኳት።

«አውቄያለሁ እኮ። ጫማሽን ነበር የምታዪው። እኔ ግን ማመን ፈለግኩ።»

ስለ አዲሱ ድርጅት ነገርኳት።

«ስንት ኮት አየሽ?»

«ሰባት።»

«ስምንተኛው ያንቺ ነዋ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። እኔም ይቅር በይኝ አላልኳትም።

ጥቅምት 12
ደውዬ አልመጣም አልኳቸው። እህቴ አኩርፋለች።

ጥቅምት 16
ባለመነጽሯ ደወለች። ስልኬን ከማመልከቻዬ ላይ አግኝታ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለምን ቀረሽ?» አለችኝ። «እውነቱን ንገሪኝ።»

የሹራቡን ነገር አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ሳቄንም ጭምር። ከኋላዋ ሰው ይጠራታል።

«የኔ ኮት ወንበሩ ላይ ከተሰቀለ ሁለት ዓመት አለፈው» አለች።

«ስትወጪ ይዘሽው ውጪ» አልኳት።