ነጭናጫው ፓስታ በላ

አንቺዬ፣

ዛሬ ገና እፎይ አልኩ። ያ ነጭናጫው ወንድሜ ልቡን ከታከመ ወዲህ ያቀረብኩለትን ሁሉ «ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥሽ» እያለ ሳይጨርስ ሲመልስ ፍርሃት ይዞኝ ከርሟል። እሱ መቼ ነው ምግብ ጥሩ ነው ብሎ የሚያውቀው?

ዛሬ ሐኪሟ እንዳዘዘችው ካልተፈተገ ስንዴ የተሠራ ፓስታ ቀቀልኩ። በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቄ፣ አጥንቱን ከለቀምኩት ዓሣ፣ ከጥሬ ቲማቲምና ከኪያር ጋር እንደ ሰላጣ በሎሚ ለወስኩት። እኛ ቤት ፓስታ እየጨሰ ካልቀረበ እንግዳ የተናቀ ይመስለዋል አይደል? እኔም ለምዶብኝ መልሼ ላሞቀው ምድጃውን ለኩሼ ነበር፤ ቲማቲሙን ሳይ አጠፋሁት።

አንዴ ጎረሰና አፈጠጠብኝ። «ፓስታ እንደ ካልሲ ይታጠባል እንዴ? ደግሞ ይሄ ዓሣ ባሕር ውስጥ አልነበረም? ጨዉን የት ጥሎት መጣ?» እያጉረመረመ ሳህኑን ጠረገው፤ «ምን ላድርግ፣ ርቦኛል» ብሎ ጭማሪም ጠየቀ። ወጥ ቤት ገብቼ ፎጣ አፌ ላይ ይዤ ሳቅሁ፤ እንባዬም መጣ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፣ ጠርዙ ላይ ነው የምጽፈው። ልጆችሽን ሳሚልኝ። እናቴ ጋ ጎራ በይና «መነጫነጭ ጀምሯል» በያት፤ ያን ቀን እንቅልፍ ይወስዳታል።