እናቴን ስላላወቃት ሲስተምዎ

ይድረስ ለተከበሩ የክሊኒካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ዘወትር ደህና ይሁኑልኝ፤ ይህን የምመኝልዎ ከልቤ ነው፣ ቢታመሙ በገዛ ክሊኒክዎ መታከም ይመጣብዎታልና።

እኔ ከክሊኒክዎ ፊት ለፊት ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። እናቴ የደም ግፊት ክትትሏን እናንተ ዘንድ ስታደርግ ዓመታት አልፈዋል። በወረቀት ካርዷ ላይ ፔኒሲሊን እንዳይሰጣት በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ ነበር፤ በወጣትነቷ ሊገድላት ምንም አልቀረውም ነበርና። እርስዎ ግን ሪባን ቆርጠው መረጃችን ሁሉ ክላውድ ወደሚሉት የኮምፒውተር ደመና መውጣቱን ሲያበስሩን፣ አሮጌዎቹ ካርዶች በጆንያ ተጭነው ሄዱ። እኔም ከሱቄ ደጃፍ ቆሜ ከሰው ጋር አጨበጨብኩ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ሲስተምዎ ቀይ እስክሪብቶ የሚባል ነገር ስለማያውቅ አመሰግናለሁ። ባለፈው ወር እናቴ እግሯ ቆስሎ መጣች። ነርሷ መርፌውን ስታዘጋጅ እናቴ፣ «ልጄ፣ ይሄ ፔኒሲሊን ከሆነ ለእኔ አይሆንም» አለቻት። ነርሷም ስክሪኑን አየት አድርጋ፣ «እማማ አይስጉ፣ ሲስተሙ አለርጂ የለብዎትም ነው የሚለው» ስትል መለሰችላት። እናቴ ሰውነቷን ብቻ ይዛ እንጂ ሲስተም ይዛ ስላልመጣች በክርክሩ ተረታች። መርፌውን ከተወጋች ብዙም ሳይቆይ ከንፈሯ አበጠ፣ ትንፋሿ ተቆራረጠ። ጠርተውኝ መንገዱን ተሻግሬ ስደርስ እጄን ጨብጣ መናገር አቅቷት ነበር። ሐኪሙ ሮጦ ደርሶ ነፍሷን መለሰልን፤ እሱ ያየው ስክሪኑን ሳይሆን ፊቷን ነው። በዚህ ጥፋቱ እንዳይቀጡት እማጸናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥብቅ የመረጃ ደህንነታችሁ። በማግስቱ የእናቴን መረጃ ለማየት ብጠይቅ፣ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛዋ «ለታካሚዋ ምስጢር ሲባል አይቻልም» አለችኝ። ታካሚዋ እኮ ከጎኔ ወንበር ላይ ተቀምጣለች! የይለፍ ቃሉ ደግሞ በብጫቂ ወረቀት ተጽፎ ኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ ስለተለጠፈ፣ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ በቃሉ ይዞታል።

ሦስተኛ፣ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ አቤት ስል በትህትና ስላስተናገዱኝ። «አይዞሽ፣ ዳታው ክላውድ ላይ በሰላም አለ» ብለው አጽናኑኝ። የዳታውን ደህንነት ሰምቼ ደስ አለኝ፤ የእናቴን ግን ሳይጠይቁኝ ሸኙኝ።

አራተኛም ነበረኝ፤ እናቴ «ተዪው፣ ሰውዬው ሥራ ይበዛበታል» ስላለችኝ ተውኩት።

እሷ ድናለች፤ ክትትሏንም ወደ ሌላ ክሊኒክ አዛውራለች። እዚያም ኮምፒውተር አለ፤ ነገር ግን መጀመሪያ እሷን ይጠይቃሉ፣ ከዚያ የነገረቻቸውን ይጽፋሉ። እርስዎንም የምለምንዎ ይህንኑ ነው፦ ካርዳቸው በጆንያ የሄደባቸውን ታካሚዎች አንድ በአንድ ጠርተው የማይስማማቸውን መድኃኒት ይጠይቋቸው፤ ለሌላዋ እናት ሐኪሙ ላይደርስላት ይችላል።

ከምድር ሆኜ ወደ ክላውድዎ እያንጋጠጥኩ፣ ከማይለካ አክብሮት ጋር፣
ልብስ ሰፊዋ ጎረቤትዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ከክሊኒክዎ በእናቴ ስልክ መልእክት ገባ፤ የሌላ ሴት የምርመራ ውጤት ነው፣ ከነሙሉ ስሟ። የእኛ አለመሆኑን እንዳወቅን አንብበን ሳንጨርስ አጥፍተነዋል። እባክዎ ምስጢሯ እኛ ዘንድ በሰላም እንዳለ ይንገሩልን፤ የእናቴ ደግሞ የማን ስልክ ላይ እንደገባ ካወቁ ይጻፉልኝ።