ጣሳው ተመርምሯል፤ ባለቤቴስ?

ለተከበሩ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሙሉ ጤና፣ ጥሩ የምግብ ፍላጎትና ምሳ ላይ የሚያጫውት ሰው ይስጥዎ። ይህን ደብዳቤ ያለ ማንም እርዳታ የጻፍኩት እኔ የገበያው ጫኝና አውራጅ ነኝ። የማታ ትምህርቴን የጨረስኩት በቅርቡ ቢሆንም፣ መምህራችን ጽሑፌን አይተው «ይሄ ሰውዬ በልጅነቱ ቢማር ሚኒስትር ይሆን ነበር» ብለዋልና የእጅ ጽሑፌ ካስቀናዎ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አቤቱታዬ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፦ ባለቤቴ ዳቦ ቤት ሻጭ ናት። ማታ ማታ ከሱቁ የተረፈውን ዳቦ ምስር ሾርባ ውስጥ እየነከርን፣ ሰፈሩን በሙሉ እያማን፣ እየሳቅን ነበር የምንበላው። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ መጣና «ወፍራም ሻጭ ደንበኛ ታሸሻለች፤ ካልቀነስሽ ከፊት ትነሻለሽ» አላት። እሷም የክብደት መቀነሻ ዱቄት በጣሳ ገዝታ መጣች። አሁን እኔ ስበላ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ያንን በውኃ የተበጠበጠ ነገር እየተጎነጨች አፌን ታያለች። «ብላ እንጂ፣ እኔን ምን ታያለህ?» ትለኛለች። ለመብላት ማንም የማይቀድመኝ ሰው ነበርኩ፤ ዘንድሮ ሳህኑን ሳላጋምስ እገፋዋለሁ።

ሁለተኛ፦ ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ ትይዛለች። ተዪው ስላት ጣሳውን አዙራ የመሥሪያ ቤትዎን ማኅተም ታሳየኛለች፦ «መንግሥት ያተመበትን ነገር፣ አንተ ትናንት ፊደል የቆጠርከው ልታስተወኝ ነው?» መቼም ማኅተምዎ ያምራል። ክብ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ ባል ያስንቃል።

ሦስተኛ፦ መሥሪያ ቤትዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ስለ አግዳሚ ወንበሩ ምቾት አመሰግናለሁ። በመስኮቱ በኩል ያለችው ልጅ በትሕትና «አባባ፣ እኛ የመረመርነው ጣሳውን ነው፤ ዝገት የለበትም። የውስጡ የሌላ ክፍል ሥራ ነው» አለችኝ። ክፍሉ የት ነው ብላት «ገና አልተቋቋመም» አለችኝ። ለጣሳ ይህን ያህል የሚጨነቅ መሥሪያ ቤት ስላለን ኮራሁ። ምነው ባለቤቴም ጣሳ በሆነች አልኩ።

ካሳ አልጠይቅም፤ ማንም እንዲቀጣልኝ አልፈልግም። የምለምነው በመሥሪያ ቤትዎ ወረቀት ላይ «እመቤት፣ ይህን ትተሽ ከሱቅሽ የሚተርፈውን ዳቦ ብዪ» የምትል አንዲት መስመር ጽፈው፣ ያንኑ ማኅተም እንዲያደርጉባት ብቻ ነው። እርስዎን ታምናለች።

የማኅተምዎን ክብነት እያደነቅሁ፣ በሾርባው ሳህን ፊት ብቻዬን ተቀምጬ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣

የዳቦ ሻጯ ባል

ማሳሰቢያ፦ ይህን ፖስታ ቤት ሳላደርስ ከዳቦ ቤቱ ሰው ተላከብኝ። ሮጬ ስደርስ ባለቤቴ ከመደርደሪያው ሥር ወድቃለች። ኩንታል ተሸክሜ ፎቅ የምወጣ ሰው ነኝና እንደ ልማዴ ትንፋሼን ሰብስቤ፣ ጉልበቴን አጥፌ ላነሳት ጎንበስ አልኩ፤ ለካ በአንድ ክንድ ትነሳ ኖሯል። ሐኪም ቤት ተኝታለች፤ ዓይኗን ገና አልገለጠችም። ዱቄቱ ይሠራል፤ እንኳን ደስ ያለዎ።